አምስት ቤት ያስቆመው ስምሽ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ ምትኩ።

ስምሽን ከነአባትሽ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። ጤናሽን አልጠይቅሽም፣ ከዚያ ጣጣ ወጥተሻል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። መጻፍ ያንቺ ሥራ ስለነበረ ነው። እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፤ ዕድሜ ልካችንን እንዲህ አይደል የኖርነው? አሁን ግን ይኸው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት የያዝኳት ፊደል ትንሽ ዛገች እንጂ አልጠፋችም። ሰናይት «አባዬ፣ አንተ ንገረኝ፣ እኔ ታይፕ ላድርግልህ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ልጃችን አማርኛ ስትጽፍ አይተሻል። እኔ እሻላለሁ።

አስኩዬ፣ እዚህ ለንደን ያለውን የዊልስደኑን ቤታችንን ለመሸጥ ቆረጥኩ። አትቆጪ፣ ጨርሰሽ ስሚኝ። ደረጃው አሸነፈኝ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ስወጣ መሃል ላይ ጉልበቴ ቀጥ አለ። መውጣትም መውረድም እምቢ አለኝ። ፖስተኛው መጥቶ ደብዳቤውን በበሩ ቀዳዳ ሲከት ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ልጠራው ስል ደግሞ ኮራሁ። ሰናይት ከሥራ ወጥታ እስክትመጣ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ስትለኝ «መቀመጥ አምሮኝ ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

እሷ አሁን የምትኖረው ክሮይደን ነው። ከሷ በር ሦስት በር አልፎ፣ መኝታ ቤቱ ምድር ላይ የሆነ ትንሽ ቤት ለሽያጭ ወጣ። ክሮይደን ስትለኝ መጀመሪያ፣ እዚህ አገር እንደመጣን ለስደተኝነት ወረቀት በብርድ የቆምነው ወረፋ ነው ትዝ ያለኝ። ቤቱን ሳየው ግን ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ፀሐይ ይገባል። አንቺ ብትኖሪ የምትቀመጪበትን ቦታ ገና ከበሩ ነው የለየሁት። ሰናይት ቁርጡን ነገረችኝ፦ ይህ ቤት ካመለጠ፣ በዚህ ጉልበት የሚቀረኝ የአረጋውያን ማቆያ ነው። እዚያ ለመግባት ደግሞ ገና ልጅ ነኝ።

የቤት ነገር እዚህ አገር እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኛ ስንገዛ ወረቀቱን ሁሉ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። ለኔ ግን አዲስ ነው። የኛን ቤት የሚገዙት ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። እነሱ ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሿን ፍላታቸውን ሸጠው ነው የሚመጡት። እኔ የምገዛው የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ቤት ነው። ሹፌሩ ደግሞ ባሕር አጠገብ ያለ የአንዲት ሴትዮ ቤት ይገዛል፣ ሴትዮዋም ሌላ ቤት ትገዛለች። አምስት ቤት። ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚነሣው። አንዱ ካልተነሣ አራቱም አይነሡም። ቼይን፣ ሰንሰለት ይሉታል። አውቶቡስ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝና ገባኝ፤ ጋራዡ በር ላይ አንዱ ከተበላሸ ከኋላው ያለው ሁሉ መቆሙ ነው።

ቆመ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቤቱን ለሚያሻሽጠው ኤጀንት እደውላለሁ። የማውቃት እንግሊዝኛ ትንሽ ብትሆንም ለቁጣ ትበቃለች። «ማነው የቆመው? ስሙን ንገረኝ!» እለዋለሁ። ልጁ «ሶሊሲተሮቹ እየተነጋገሩ ነው» ይለኛል፤ ጠበቆቹን ማለቱ ነው። ምን ዓይነት ንግግር ነው ሦስት ወር? እኛ አገር ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ምስክር ጠርተው፣ ፈርመው ይነሣሉ። ሰናይት ልርዳህ ስትለኝ ምን እንዳደረግኩም ልንገርሽ፤ ኋላ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ወረቀታችንን ለያዘችው ሶሊሲተር ገና በመጀመሪያው ቀን «ቤቱ የኔ ነው፤ የምትጽፊውን ለኔ ጻፊ፣ በልጄ በኩል አይሁን» ብያት ነበር።

በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና ያንን ግራጫ ሱፌን ለብሼ ክሮይደን ሹፌሩ ቤት ሄድኩ። እዚህ አገር ይህ ነውር ነው አሉ፤ ገዢ ሻጭ ቤት አይሄድም። እኔ ሄድኩ። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። በሩን ሲከፍትልኝ ቤቱ ውስጥ ሳጥን በሳጥን ላይ ተከምሯል። ሰውዬው ወንበሩን ሁሉ ስላሰረው ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ለኔም ቀዳልኝና ሌላ ሳጥን አሳየኝ። ስለ አውቶቡስ አወራን። የድሮዎቹን፣ ከኋላ ክፍት የሆኑትን፣ እሱ ነድቷቸዋል፣ እኔ አጥቤያቸዋለሁ። ስነሣ «ከኔ በላይ ያሉት ሁሉ ዝግጁ ናቸው። የቆመው ከበታች፣ በገዢዎቹ በኩል ነው» አለኝ። አሃ፣ እነዚያ ልጆች ናቸው አልኩ በሆዴ።

በሳምንቱ ነፍሰ ጡሯ ልጅ በራችንን አንኳኳች። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው የገባው። ወንበር ሰጠኋት። ልገሥጻት እየተዘጋጀሁ ሳለሁ እንባዋ መጣ። ልጇ ከመወለዱ በፊት መግባት እንደምትፈልግ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላለቀ ግን ሌላ ቤት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። «ታዲያ ጠበቃሽን አፍጥኚ ብለሽ አትነግሪያትም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «እሷማ ጨርሳለች። የሚጠበቀው እርስዎ ነዎት ይሉናል» አለችኝ። እንግሊዝኛ እርስዎ የለውም፣ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ባለ አክብሮት ነው ያለችኝ።

ሰናይትን ጠራኋት። መጣች፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ «አባዬ፣ ሌተር አልመጣልህም?» አለች። «የኔ የሚሆን አልመጣም» አልኳት። አልዋሸሁም፣ አስኩ። ሄዳ ከሬዲዮው ጀርባ እጇን ሰደደች። ያቺን ቦታ ታውቂያታለሽ፤ ከሥራ ስትመለሺ እንድታነቢያቸው ደብዳቤ ሁሉ የማስቀምጥልሽ፣ መነጽርሽ የሚቀመጥባት። አንድ ክምር አወጣች። ከሶሊሲተሯ ብቻ አራት አለ፤ የመጨረሻው ላይ ቀይ ማኅተም ተመቶበታል። ሁሉም ላይ «አቶ እና ወይዘሮ ደስታ» ይላል። ያንቺ ስም ያለበትን ፖስታ እኔ በሕይወቴ ከፍቼ አላውቅም፤ ሰውም እያለ ከፍቼ አላውቅ፣ ሰው ከሞተማ እንዴት እከፍታለሁ? እዚያው ቦታሽ ላይ አስቀመጥኩልሽ።

ሰናይት ቆማ አራቱንም አነበበች። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ እኔ በተቀመጥኩባት ቦታ፣ ቁጭ አለችና ሳቀች። ስታለቅስም እንደዚያው ነው የምታደርገው፣ አልለየሁትም። «አባዬ፣ አምስቱም ቤት የቆመው በማሚ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና እንደመጣን ቅጽ የሞላልን ሰውዬ ትዝ ይልሻል? ደግ ሰው ነበር። የቤተሰብ ስም ሲለኝ ደስታ አልኩት፣ ላንቺም ደስታ ብሎ ጻፈ። ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች ብሎ ነው። እቤት ስንገባ ወረቀቱን አንብበሽ እስኪያምሽ ሳቅሽ። «የአባትህ ልጅ አደረጉኝ እኮ! እህትህን ነው ያገባኸው፣ በላቸው!» አልሽኝ። ለስንት ጊዜ «ወንድም ጋሼ፣ ራት ቀርቧል» እያልሽ አበሸቅሽኝ። ሳቅ ሳቁን ስንል ስሙ ተጣበቀ። የቤቱም ካርታ ላይ የገባው አስካለ ደስታ ተብሎ ነው።

ሆስፒታል ሳለሽ ግን ሳቁ አለቀ። ነርሷ «ሚስስ ደስታ» እያለች ስትጠራሽ ወደኔ ዞር ብለሽ «እሷ ማናት? እኔ የምትኩ ልጅ ነኝ» አልሽ። ይቺን ቃል ይዤ ነው የሞት ወረቀትሽን ላስጽፍ የሄድኩት። መዝጋቢዋ በትሕትና ጠየቀችኝ፤ በሌላ ስም ትታወቅ ነበር ወይ አለችኝ። ሰናይት ልትናገር ስትል እጇን ያዝኩና «ሌላ ስም የላትም። አስካለ ምትኩ ናት» አልኩ። በሕይወትሽ ያላስመለስኩልሽን ስም በዚያች ቀን አስመለስኩልሽ። ኮርቼ ነበር የወጣሁት፣ እውነቴን ነው። አሁንም ኮርቻለሁ።

ታዲያ በእንግሊዞቹ መዝገብ አስካለ ምትኩ የምትባል አንዲት ሴት ሞታለች። የቤቱ ባለቤት አስካለ ደስታ ግን አልሞተችም። በሕይወት አለች፣ መፈረም አለባት፣ የት ናት? ሦስት ወር ሙሉ አምስት ቤት ሰው አንቺ መጥተሽ እስክትፈርሚ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሰኞ ሰኞ «ማነው የቆመው?» እያልኩ ስጮህ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው አለች ሶሊሲተሯ። አንደኛው የሞት ወረቀትሽ ላይ ደስታ የሚለውን ማስጨመር። ሰናይት «ጀስት ፎርም እኮ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። አይሆንም አልኩ። ቅጽ ብቻ ነው ተብሎ ነው መጀመሪያም የገባው። ሁለተኛው፣ ዘመድ ያልሆነ፣ በሁለቱም ስምሽ የሚያውቅሽ ሰው ቀርቦ አንዲት ሴት መሆንሽን ቃሉን ይስጥ። የጋብቻ ወረቀታችን ስንሰደድ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ከሠርጋችን ሰው ማን ቀረ? ቆጠርን፣ ቆጠርን፤ ሰናይት ስሙን ልትጠራ ፈርታ እኔን ታያለች። ለንደን ውስጥ የቀረው ሚዜዬ ዘውዴ ነው።

ዘውዴ። የዘጠና ሰባቱን ምርጫ አንስተን፣ አንቺ ባቀረብሽው ምሳ ላይ የተጣላነው። እሱ ለአንዱ እኔ ለሌላው። አንዳችንም ድምፅ አልሰጠን እኮ፣ ዊልስደን ተቀምጠን ነው የተቧቀስነው። ከቤቴ ውጣ አልኩት። ኮቱን ይዘሽ እስከ በር የሸኘሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ለመንሽኝ፣ ስንት ዓመት እምቢ አልኩሽ። ቀብርሽ ላይ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ይህን አይተሽ ከሆነ አዝነሽብኛል። ካላየሽ ይኸው ነገርኩሽ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ወሩ እየሄደ ነው። አንድ ወገን ያንቺ ስም፣ አንድ ወገን የኔ ኩራት፤ እመሃል ላይ የነፍሰ ጡሯ ሆድ። በአራተኛው ቀን ሼፈርድስ ቡሽ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ዘውዴ የሚኖረው ከገበያው ጀርባ ባለ ፍላት ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃ የሚያሸሸኝ ሰው ሦስት ፎቅ በእጄ እየተደገፍኩ ወጣሁ። በሩን ከፈተና አየኝ። ሸምግሏል፣ አስኩ፤ ከኔ ይብሳል። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀና «እህ፣ በላቸው፣ የምርጫው ቆጠራ አለቀ?» አለኝ።

«ለአስካለ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ለሷ ከሆነ ግባ። ላንተ ቢሆን እዘጋው ነበር።»

ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት። እህቴን እንዳገባሁ ተደርጎ መጻፉን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ተነሣና ከመሳቢያው አንድ በላስቲክ የታሰረ ነገር አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ካርዶች ናቸው፣ ከነፖስታቸው። የእንቁጣጣሽ ካርድ። ከተጣላንበት ዓመት ጀምሮ እስከታመምሽበት ዓመት፣ አንድም ዓመት ሳይዘለል።

አንቺ ሴት! እኔ ጋራዥ ስውል አንቺ ለጠላቴ ካርድ ትልኪያለሽ! በቁጣ ነው የመጀመሪያውን የከፈትኩት። በቀስታ፣ አንድ በአንድ ፊደል አነበብኩት። «ለወንድማችን ለዘውዴ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ሁለታችንም ሰላም ብለንሃል። በላቸው ደስታ፣ አስካለ ምትኩ።» ቀጣዩም እንደዚያው። ቀጣዩም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ አንዲት ቃል ሳልናገር በየዓመቱ ሰላም ስለው ኖሬያለሁ። አንቺ እኔ የምለውን ብቻ አልነበረም የምትጽፊው ለካ፤ ማለት የሚገባኝንም ትጽፊ ነበር።

ዘውዴ «ያንተ ሐሳብ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አንተ እንዲህ አታምርም» አለኝ። ከዚያ ፖስታውን ገለበጠና አሳየኝ። ከኋላው፣ አድራሻችን ላይ፣ ለቤት ወረቀት የምትለጥፊያት የታተመች ቁራጭ አለች፦ ወይዘሮ አስካለ ደስታ፣ ከነቤት ቁጥራችን። ውስጡ ምትኩ፣ ውጭው ደስታ፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ፖስታ። ሶሊሲተሯ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ታመጣለች? እጄን ዘረጋሁለት። እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ አላቆየም። ከኔ ይሻላል፣ እቀበላለሁ።

ቃሉን ሊሰጥ ስንሄድ ሁለታችንም ከረባት አሥረን ነበር። «መቀመጥ ይቻላል» ቢሉትም እምቢ ብሎ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ነው የተናገረው። «መስቀል የላችሁም እንዴ?» ብሎ ጸሐፊዋን አስጨነቃት። ሠርጋችን ላይ እንደነበረ፣ የምትኩ ልጅ ስትዳር እንዳየ፣ ያችው አስካለ እዚህ መጥታ ደስታ ተብላ እንደተጠራች ተናገረ። ሶሊሲተሯ ወረቀቱን አነበበችልኝ። «አስካለ ደስታ፣ አስካለ ምትኩ ተብላም የምትታወቀው» ይላል። አቁሚ አልኳት። ምትኩ ይቅደም። ሰናይት ራሷን ያዘች። ሶሊሲተሯ ግን አየችኝና ፈገግ ብላ እንደገና ልታስጽፈው ወሰደችው። በዚህ የተነሣ አምስቱ ቤት አንድ ቀን ተጨማሪ ቆመ። ለዚያችኛዋ ቀን ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ አልክድም። በማግስቱ ወረቀቱ እኔ እንዳልኩት ሆኖ መጣ። ዘውዴ ፈረመ። እኔም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስተማርሽኝን ፊርማ፣ ጅራቷን ሳላሳጥር፣ ፈረምኩ።

ወሩ ሳያልቅ በአንድ ቀን ተነሣን። ዘውዴ እረዳለሁ ብሎ መጥቶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሲያዝ ዋለ። ነፍሰ ጡሯ ልጅ ቁልፉን ስትቀበለኝ የትኛው የደረጃ እርከን እንደሚጮህ ነገርኳት፤ ሕፃን አቅፋ ስትወጣ እንዳትረግጠው። ሰሞኑን ወልዳለች አሉ። ሹፌሩ ሻይ ማፍያውን ትቶልኝ ሄዷል።

ይኸው ክሮይደን ነኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነው፣ መነጽርሽ አጠገቡ። ከጀርባው ግን አሁን ምንም የለም። ደብዳቤ በመጣበት ቀን እከፍተዋለሁ፣ ያንቺም ስም ቢኖርበት። ካልገባኝ ሰናይት ሦስት በር ላይ ናት፤ ሄጄ አንብቢልኝ እላለሁ። አዎ፣ እላለሁ፤ አትገረሚ። በሩ ላይ ሁለት ስም አስለጥፌያለሁ፣ ያንቺ ከላይ ነው። ፖስተኛው አስካለ ምትኩ ማናት ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የቤቱ እመቤት ናት አልኩት።

እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀረው። ካርዱን ገዝቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግማሹን እጄን ላፍታታ ብዬ ነው። ነገ ተቀምጬ ለዘውዴ እጽፋለሁ፤ ከርሞም፣ ጣቴ እስከታዘዘልኝ ድረስ በየዓመቱ። አንቺ ትጽፊው እንደነበረው፣ አንዲት ቃል ሳልለውጥ፦ ሁለታችንም ሰላም ብለንሃል። ከሥሩ ስሜን፣ ካጠገቡ ስምሽን፣ ከነአባትሽ።

ወንድምሽ ያልሆንኩት፣ ባልሽ
በላቸው ደስታ